ቀይ ነጥብ ያለበት ሃርድ ዲስክ

ስምንተኛው ብሎን ተፈታ።

ይሄነው ብሎኑን በሁለት ጣቱ ይዞ በደንብ አየውና ማግኔቱ ላይ አስቀመጠው። ማግኔቱ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ነው። እዚህ ሱቅ ላፕቶፕ ሲፈታ ብሎኖቹ በሙሉ እሱ ላይ ነው የሚለጠፉት፣ አንዷ ከጠፋች እንጅባራ ውስጥ ልኳን ማግኘት መከራ ነው።

ትርሲት ከባንኮኒው ወዲህ እጇን አጣጥፋ ቆማለች። እንዳትነካ ተብላለቻ።

«አንቺ በአፍሽ ብቻ ንገሪኝ» ብሏታል ገና ሲገባ። «የምቀይረው እኔው ራሴ ነኝ። ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ።»

«እሺ ጋሼ፣ እንዳሉ።»

ጋሼ ስትለው ምላሷን ያሳክካታል። በዚህች መናኸሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ የፎቶ ኮፒና የላፕቶፕ ጥገና ሱቅ ውስጥ ስሟ ማናለብሽ ነው። ክፍሉ ውስጥ ግን፣ የስለላው ክፍል ማለት ነው፣ «ቀርከሃ» ይሏታል። አራት ወር ሙሉ እዚህ የተቀመጠችው ይሄን ሰውዬ ለመጠበቅ ነበር።

ለከተማው ሰው ይሄነው የእህል ነጋዴ ነው። በጓሮ በር ግን ሥራ አገኝላችኋለሁ እያለ ከየገጠሩ ሴት ልጆች ሰብስቦ ድንበር የሚያሻግር ደላላ ነው። አሁን ራሱ አስራ አራት ልጆች የሆነ ቦታ ቆልፎባቸዋል። የት እንደሆነ ያለው እዚህ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ደሞ ከሐሙስ ጀምሮ ቀጭ ቀጭ እያለ አልነሳም ብሏል። ሃርድ ዲስኩ ሞቷል።

ለይሄነው ሞቷል። ባህር ዳር ላሉት ባለሙያዎች ግን የሞተ ዲስክ የሚባል ነገር የለም፣ ሆዱን ከፍተው ያነቡታል። ይሄነውም ይሄን ሰምቷል መሰለኝ፣ አዲሱን ዲስክ በአንድ እጁ፣ አንድ ጭብጥ የሚያህል ድንጋይ በሌላው እጁ ይዞ ነው የመጣው። አሮጌውን ሊፈረክሰው።

ከዚያ በፊት መለወጥ አለባት። ዓይኑ እያየ።

«ይኸው» አለ ዲስኩን ስቦ እያወጣ። «ምልክት አድርጊበት። ሱቅ ውስጥ ዕቃ እንደሚለዋወጥ አላውቅም መሰለሽ?»

ይሄ የሱቁ ወግ ነው። የደንበኛ ዕቃ ሁሉ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ይደረግበታል። ይሄነው ዲስኩን ሳይለቅ ያዘላት፣ እሷም ነጥቧን አስቀመጠች። መሳቢያዋ ውስጥ ልክ እንደዚህ ዓይነት፣ ልክ እዚሁ ቦታ ላይ ቀይ ነጥብ ያለበት ሌላ የሞተ ዲስክ ከጠዋት ጀምሮ ደርቆ ተቀምጧል።

«አሁን የብረት ማቀፊያውን ይፍቱለት ጋሼ። ለአዲሱ ያስፈልጋል። አራት ደቃቅ ብሎን አለው።»

ላቡ ጠብ እያለ ፈታቸው። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። ዲስኩ ራቁቱን ባንኮኒው ላይ ቀረ።

ትርሲት ማግኔቱን በክርኗ ገፋችው።

ብሎኖቹ መሬት ላይ ተበተኑ።

«አንቺ ልጅ ዓይን የለሽም!» ይሄነው ተንበረከከ። ላፕቶፕ ራሱ የፈታ ሰው ደሞ ከነፍሱ ቀጥሎ የሚጨነቀው ለብሎኑ ነው። አንድ እያለ መቁጠር ጀመረ።

ሦስት ላይ ሳይደርስ ዲስኩ ተለውጧል።

ሰውዬው አዲሱን ገጠመ፣ አንዷን ብሎን አጥቶ እየተራገመ ጨረሰ፣ ከዚያ በር ላይ ወጥቶ ምንም የሌለበትን ዲስክ በድንጋዩ እንክትክት አደረገው። ትርሲት ከባንኮኒው ሳትነቃነቅ አየችው። የጠፋችው ብሎን ጫማዋ ውስጥ ነበረች።

እንደሄደ ለመሳፍንት ደወለች። የሁሉም አለቃ እሱ ነው።

«ቀርከሃ፣ ምን ደረሰ?»

«እጄ ላይ ነው ጋሽ መሳፍንት።»

«ስምንት ሰዓት ዳንግላ መናኸሪያ። ለጽጌ ታስረክቢያለሽ።»

«እኔ ራሴ ባህር ዳር ባደርሰውስ?»

«ለጽጌ አልኩሽ። የዲስኩን ዓይነት ያገኘችልሽ እሷ አይደለች? ያለ እሷ ምን ትሠሪ ነበር?»

ዘጋው።

ያለ እሷ ምን ትሠሪ ነበር። ሚኒባሱ አዲስ ቅዳም እስኪደርስ ይቺ ቃል ጆሮዋ ውስጥ ስትዞር ነበር። በክፍሉ ጽጌ የሚሏት ፍቅርአዲስን ነው። አብረው ነው የሠለጠኑት። ሲሮጡ አንደኛ ፍቅርአዲስ፣ ሲተኩሱ ፍቅርአዲስ፣ ስታለቅስ እንኳን ታምራለች እኮ! ትርሲት አራት ወር በብየዳ ጣቷ ሲለበለብ፣ እሷ ይሄነው ቢሮ ጸሐፊ ሆና ምቹ የቢሮ ወንበር ላይ ነበረች። የጥፍር ቀለሙን ራሱ የሰጠቻት እሷ ናት። ግማሹን ጨርሳ። «ያምርብሻል» ብላ። ትርሲት አንድ ቀን እንኳን ጥፍሯን አልተቀባችውም፣ እልህ ይዟት ለዲስክ አደረገችው።

ነገ ደሞ መሳፍንት ሰው ሰብስቦ «ጽጌ ባትኖር» ይላል። ቀርከሃ የሚል ሰው አይኖርም። ከሰል የጫነ አይሱዙ ሚኒባሱን ሲያልፍ መስታወቱ ጨለመና የራሷን ፊት አየችው። አስቀያሚ ሆኗል። በቅናት አስቀያሚ።

ዳንግላ ስትወርድ ፍቅርአዲስን ከሩቅ አየቻት። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ መናኸሪያው በድንችና በሰው ታጭቋል፣ እሷ ግን በዚያ ሁሉ ጭቃ መሃል ነጭ ጫማ አድርጋ ቆማለች። አንድ ጠብታ ጭቃ የለበትም።

በቃ። ጫማው ነው የጨረሳት።

ትርሲት ከከሰል ማዳበሪያ ክምር ጀርባ ገባች። ቦርሳዋ ውስጥ ሌላ ባዶ ዲስክ ነበር፣ ይሄነው ጋ ነገር ቢበላሽ ብላ ያዘጋጀችው። ነጥብ አልነበረውም። ጠርሙሷን አወጣችና በችኮላ ወፈር ያለ ጠብታ ጣለችበት። ለፍቅርአዲስ ባዶውን ትሰጣታለች። እውነተኛውን ራሷ ባህር ዳር ይዛ ትገባና ከመሳፍንት በላይ ላሉት ለእትዬ ይመኙሽ በእጃቸው ትሰጣለች። ፍቅርአዲስ ባዶ ዲስክ ይዛ ስትቀርብ ያኔ ምን እንደምትመስል እናያለን።

ሄደች። በፌስታል ጠቅልላ ሰጠቻት።

ፍቅርአዲስ ፌስታሉን ገለጥ አድርጋ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ጣቷን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ደክሞሻል» አለቻት።

«አልደከመኝም።»

«የባህር ዳር መኪና እየጫነ ነው። አሁኑኑ ሂጂ። ስልክሽን አጥፊው፣ ለማንም እንዳትደውዪ።»

«አንቺ ደሞ አለቃዬ ሆንሽ እንዴ?»

ፍቅርአዲስ ፈገግ አለች። ያቺ ሰውን የምታናድድ ፈገግታዋ። «ዛሬ ብቻ» አለችና ዞራ ሄደች።

ትርሲት መኪናው ውስጥ ገብታ መቀመጥ ነበረባት። አልቻለችም። መሳፍንት ጽጌን ሲቀበላት እንዴት እንደሚስቅላት ማየት ፈለገች። ቁስልን እንደመነካካት ነገር ነው። ተከተለቻት።

ከመናኸሪያው በር ውጪ የመሳፍንት መኪና ቆሟል። የኋላው መስታወት ወረደ።

ይሄነው ነበር።

መሳፍንት መሪው ላይ፣ ይሄነው ከኋላ። እየተሳሳቁ።

አለቃዋ ሸጧቸዋል።

ትርሲት የድንች ጋሪ ላይ ተደገፈች። መጮህ አለባት። ፍቅርአዲስ እኮ አይታዋለች፣ በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ሆና አይታዋለች። መሮጥ ትችል ነበር። በሩጫ ማን ይደርስባታል?

አልሮጠችም።

ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፌስታሉን በእጇ ይዛ በሩን ከፈተችና ገባች። መኪናው ወደ እንጅባራ ተፈተለከ።

«ባህር ዳር! አንድ ሰው! ባህር ዳር!»

ትርሲት ስልኳን አጥፍታ ሮጠች።

እትዬ ይመኙሽ ዲስኩን ከእጇ ሲቀበሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋት። «ማን ያውቃል?» ትርሲት ስለ መኪናው ነገረቻቸው። የቀረውን ልቅሶ ዋጠባት።

እሑድ ጠዋት ልጆቹ ተገኙ፣ ጫግኒ ካለ የበቆሎ መጋዘን ጀርባ። አስራ አራቱም። መሳፍንትና ይሄነው ድንበር ሳይደርሱ ተያዙ። ፍቅርአዲስን ግን ከመንገድ ዳር ነበር ያነሷት። እነ ይሄነው ዲስኩ ባዶ መሆኑን ሲያውቁ እሷ የለወጠችው መስሏቸው እውነተኛውን የት እንዳደረገችው ጠይቀዋታል። አልተናገረችም። የቀኝ እጇን ጣቶች አንድ በአንድ ሰባበሯቸው።

ትርሲት ሆስፒታል ስትገባ የፍቅርአዲስ እጅ እስከ ክርኗ በጄሶ ተጠቅልሏል። አጠገቧ ተቀመጠች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለቻት።

«መሳፍንትን? ያኑ ቅዳሜ፣ አንቺ ዲስኩ እጄ ላይ ነው ብለሽ ከደወልሽለት በኋላ። ይሄነው ስልክ ውስጥ ድምፁን ሰማሁ። ልነግርሽ አልቻልኩም፣ ስልካችንን የሚሰማው እሱ ነው። ዲስኩን ካንቺ ተቀብዬ ልጠፋ ነበር ያሰብኩት። እሱ ግን ቀድሞኝ በሩ ላይ ቆመ።»

«ባዶ እንደሆነስ?»

ፍቅርአዲስ ግራ አውራ ጣቷን አነሳች። ጥፍሯ ሥር አሁንም ትንሽ ቀይ አለ። «ጠዋት የተቀባ ቀለም ስምንት ሰዓት ላይ እጅ ላይ አይለቅም። እውነተኛው አንቺ ጋ እንደሆነ ገባኝ።»

«እያወቅሽ ገባሽ?»

«ብሮጥ ኖሮ አንቺን ይፈልጉ ነበር። የባህር ዳር መንገድ ደሞ ነፃ ሆኖ ያስፈልግሽ ነበር።»

ትርሲት አንገቷን ደፋች። «በቅናት ነው ያደረግኩት። ላዋርድሽ ብዬ።»

«አውቃለሁ፣ ፊትሽ ያሳብቅብሻል። ሲያሠለጥኑሽ ያላስተማሩሽ እሱን ነው።» ከዚያ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ «ቀለም ደሞ እንደዚያ አይቀባም» አለች። «ስስ አድርገሽ፣ ሁለቴ።»

ሳቁ። ፍቅርአዲስ ስትስቅ እጇ አመማትና ዓይኗ እንባ ሞላ። በእንባ ራሱ ታምራለች። ትርሲት የሚሰማት ጸጸት ነው ብላ ነበር፣ ግን ጸጸት ብቻ አልነበረም። እዚህም በልጣታለች። በመሰበር እንኳን።

ማክሰኞ እትዬ ይመኙሽ አስጠሯት። ሪፖርቱ ላይ አንድ ስም ብቻ ነው የሚገባው አሏት። የፍቅርአዲስ ፊት በይሄነው ሰዎች ታውቋል፣ ከእንግዲህ የትም አትሰማራም። የትርሲትን ግን ከታሰሩት ሁለቱ በቀር ማንም አላወቀም። ስሟ ከተጻፈ ሥራዋ አበቃ ማለት ነው።

«ዲስኩን የለወጥሽው አንቺ ነሽ። ምረጪ» አሉ።

አራት ወር የጠበቀችው ቃል ይሄ ነበር። እጇ በጄሶ የተጠቀለለባትን ፍቅርአዲስን አሰበች። ያቺ ነጭ ጫማ ትዝ አለቻት።

«የእሷን ይጻፉ» አለች።

አዳራሹ ውስጥ ለፍቅርአዲስ ሲጨበጨብ ትርሲት ግምጃ ቤት ወደምትባል ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበረች። እዚያ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቶላታል። አዲሱ ስሟ ሰውነት ነው።

በሦስተኛው ቀን አንድ አስተማሪ ላፕቶፑን አቅፎ መጣ። ቀጭ ቀጭ እያለ አልነሳም ብሏል። አዲስ ዲስክ ገዝቷል፣ ራሱ ሊቀይረው ነው፣ ካቻቢቴ ብቻ አበድሪኝ አላት። አበደረችው። ብሎኖቹን ማግኔት ላይ እንዲያስቀምጥ ነገረችው። መጨረሻ ላይ አንዷ ጎደለችበት፤ እሷም ከቦርሳዋ የይሄነውን ብሎን አውጥታ ሰጠችው። ልክ ገባች።

«አሮጌውን እዚህ ልተወው?» አላት።

«ምልክት ላድርግበትና ይተዉት።»

ጠርሙሷን ከፈተች። ቀለሙ ሊያልቅ ነው። ስስ አድርጋ ቀባች። ጠበቀች። ደግማ ቀባች።

ከዚያ አጎንብሳ እፍ እያለች፣ እስኪደርቅ ድረስ ሳትነካው ቆየች።