ለቅሶ የደረሰው የብር ድስት

አቶ ኃይሉ በሰኔ ዝናብ መሃል፣ ከእንጦጦ ሥር ባለው ቤታቸው ደረጃ ግርጌ ሞተው ተገኙ። ወድቀው ነው እንዳይባል የሸሚዛቸው ቁልፎች ተበጥሰዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሰበሰቧቸው የእንግሊዝ የብር ዕቃዎች አንዱ፣ የእንጨት እጀታ ያለው ትንሽ ድስት፣ አጠገባቸው ተደፍቷል። ኢንስፔክተር ሙሉጌጥ ጎንበስ ብላ የድስቱን ቂጥ አየች። የንጹሕ ብር ማኅተም የሆነው የሚራመድ አንበሳና የሠሪው ሁለት ፊደላት ጥርት ብለው ይታያሉ። አሴቶን አሴቶን ይሸታል።

ፖሊሶቹ የቤት ሠራተኛዋን ሸዋረጋን ሊወስዷት ተዘጋጅተዋል። የቤቱ ቁልፍ በእጇ ነው፣ አሴቶኑም የእሷ ነዋ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሙሉጌጥ አልቸኮለችም።

«እትዬ ሸዋረጋ፣ አሴቶን ምን ያደርግልዎታል?»

«የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው። በዚያው ቀይ ቀለም የድስቱን ቂጥ ቀብቼው ነበር። በግንቦት ልደታ ሰሞን ለጎረቤት ለቅሶ ሳውሰው፣ ከሰው ዕቃ እንዳይቀላቀልብን ብዬ።»

«አንበሳውንም?»

«አንበሳ መኖሩን መች አውቄ! ሁሉንም ሸፈንኩት። ጋሼ ሲያዩት ጮሁብኝ። ኋላ ግን ሳቁና ‹ተይው፣ ለቅሶ የደረሰ ድስት ነው፤ እንዳትነኪው› አሉኝ።»

ድስቱን ይፈልግ ነበር ተብሎ ለጥያቄ የተጠራው የጥንት ዕቃ ነጋዴ ኢማድም መለሰ። «አንበሳውን በፋሲካ አይቼዋለሁ። ይሽጡልኝ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልመጣሁም።»

የሟች የእህት ልጅ ሰርፀ ከየካ አባዶ መጥቶ ሲያለቅስ ነበር። «ባለፈው እሑድ አጎቴ ገልብጠው አንበሳውን አሳዩኝ። ‹ኦሪጅናል ነው፣ ስሞት ያንተ ነው› አሉኝ። ከዚያ በኋላ እዚህ አልረገጥኩም።»

ሙሉጌጥ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ኢማድ አንበሳውን ያየው በፋሲካ፣ ቀለሙ ሳይቀባ ነው። ከግንቦት ልደታ ወዲህ ግን አንበሳው በቀይ ቀለም ተሸፍኗል። ጋሽ ኃይሉም አይነካ ብለዋል። ታዲያ ሰርፀ፣ ባለፈው እሑድ የትኛውን አንበሳ አየህ?»

ሰርፀ ወደ በሩ ተመለከተ።

«ያየኸው ራስህ ስታስለቅቀው ነው። ልትሸጠው ፈልገሃል፤ ያለ ማኅተሙ ግን ገዢ አያምንህም። ፎቶ አንስተሃል መሰለኝ፤ ስልክህን ክፈት።»

ስልኩን ከፍቶ አቀበላት። ፎቶው የትናንት ነበር፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ አንበሳ።

«ልገድላቸው አልነበረም» አለ። «‹የሸዋረጋን ምልክት ለምን አጠፋህ?› ብለው ያዙኝ። ገፋኋቸው።»

ሸዋረጋ ነጻ መውጣቷን ገና የሰማች አትመስልም። ውጭ ድንኳን እየተተከለ ነው፤ ጎረቤቶች ለጋሼ ለቅሶ ድስትና ትሪ ይዘው ገብተዋል፣ እያንዳንዱ ዕቃ ቂጡ ላይ የባለቤቱ የቀለም ምልክት አለበት።

«ድስቱ እንዳይጠፋብኝ ነበር የቀባሁት» አለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ። «እሳቸውን አጠፋሁ።»