ወረቀቱ ያልበቃው መስመር

«ዶክተር፣ እባክዎ ከሌላ ልጅ ጋር ይመድቡኝ።»

ዶክተሯ ከማይክሮስኮፑ ቀና አሉ። «ምን አጠፋችብሽ?»

«ሥራ መሃል ላይ ‹መጣሁ› ትልና ውልቅ ትላለች። ስትመለስ ደግሞ ከረሜላ እየመጠጠች ነው! እኔ እዚህ እለፋለሁ፣ እሷ ትዝናናለች።»

ይህን የምትለውን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ የታናናሾቿን ጠብ ሁሉ እየሰማች ፍርድ ስለምትሰጥ አባቷ «ዳኛዬ» ይላታል። የትምህርት ቤት እረፍቷን የምታሳልፈው በአንድ የስኳር በሽታ ምርምር ማዕከል ውስጥ፣ ከዘጠኝ ሌሎች ተማሪዎች ጋር ነው። የሥራ ጓደኛዋ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣች ረጅም ቀጭን ልጅ ስትሆን፣ ሁሉም «መጣሁ» ብለው ይጠሯታል።

ዶክተሯ ሳቅ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ቆሽትሽ አርሯል!»

ቀልዱን የጀመሩት በመጀመሪያው ቀን ነበር። «ሰው ሲናደድ ቆሽቴ አረረ ይላል» ብለዋቸው ነበር ተማሪዎቹን። «ቆሽት ግን ለመናደድ ጊዜ የለውም። ቀን ከሌት ኢንሱሊን እያመነጨ በደማችን ውስጥ ያለውን ስኳር ይቆጣጠራል። የአንዳንድ ሰው ቆሽት ሥራውን ሲያቆም፣ ባለቤቱ ራሱ ሥራውን ይረከባል።»

አሁን ግን ወደ ማይክሮስኮፑ ተመለሱ። «የዛሬውን ግራፍ ጨርሱ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አሏት።

አሥሩም ተማሪዎች ሳምንቱን ሙሉ ክንዳቸው ላይ ሳንቲም የምታክል መሣሪያ ለጥፈው ከርመዋል። መሣሪያዋ የደማቸውን ስኳር ስትለካ ቆይታለች። በውጤቱ ላይ የማንም ስም የለም፤ ለየተማሪው የተሰጠ ቁጥር ብቻ። ዳኛዋ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ሰፊ ወረቀት መስመሮቹን አንድ በአንድ ትስል ጀመር። ስድስቱ እንደ ረጋ ውኃ ለስለስ ብለው አለፉ። ሰባተኛው ግን አሻቅቦ ከወረቀቱ ጫፍ ወጣ፤ ከዚያ ቁልቁል ተወረወረ፤ ደግሞ አሻቀበ።

«ሰባት ቁጥር የማር ቀፎ ውስጥ ነው እንዴ የሚያድረው!» አለ አንዱ ቀልደኛ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«መሣሪያው ተበላሽቷል» አለች ዳኛዋ ቆፍጠን ብላ። «እንዲህ የሚሆን ሰው የለም። እንሰርዘው።»

«አልተበላሸም።» ድምፁ ከኋላ መጣ። «የኔ ነው።»

መጣሁ ነበረች። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ቆሽቴ ሥራ አቆመ» አለች ወደ ወረቀቱ እየቀረበች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» አለቻት ዳኛዋ።

«እዚህ የመጣሁት ተመራማሪ ልሆን ነዋ። በሽተኛ መሆኑንማ ቤቴም እችልበታለሁ።» ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። «ይቺ ቁልቁለት የሰኞ ናት። መንቀጥቀጥ ስጀምር ወጥቼ ከረሜላ ጎረስኩ። ይኸው፣ ቀና አለች። ይሄ ዳገት ደግሞ ለምሳ የወሰድኩት ኢንሱሊን አንሶኝ ነው። ወጥቼ ጨመርኩ፤ ይኸው ወረደ። ሐሙስ ግን... ሐሙስን ተዉት፣ ጉድ ነው የሠራሁት።»

ዳኛዋ የመጣሁን ጣት በዓይኗ ተከተለች። እያንዳንዱን ቁልቁለት ታውቀዋለች፤ እሷ ጥርሷን ነክሳ በሩን ስታይ የቆየችበት ሰዓት ነው። ፊቷ ጋለ። ከእፍረቷ ሥር ግን ሌላ ስሜት ነበር። ይቺ ልጅ እየበላች፣ እየቀለደች፣ ናሙና እየቀዳች፣ የአንድ ሙሉ ቆሽት ሥራ በጭንቅላቷ ስትሠራ ከርማለች። ደግሞ አንድም ናሙና አላበላሸችም።

«ሁልጊዜ ታሰላያለሽ?» አለቻት ቀስ ብላ።

«ሁልጊዜ።»

«ሒሳብ አልወድም ስትዪ ሰምቼሻለሁ እኮ።»

«አልወድም አልኩ እንጂ አልችልም መች ወጣኝ?»

ቀልደኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለ ማሩ... ይቅርታ።»

«ማሩማ አሪፍ ነበር» አለችው።

ለካ ዶክተሯ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ገባ አሉና «ካልፈለግሽ መስመርሽ ይሰረዛል፤ መብትሽ ነው» አሏት። «ነገ ሥራችሁን ለማየት የሚመጡት ወላጆች ሁሉ ያዩታል።»

መጣሁ ወረቀቱን ትክ ብላ አየችው። «ይቆይ» አለች በመጨረሻ። «ግን ጫፍ ጫፉ ተቆርጧል። ወረቀቱ አልበቃኝም።»

«ማን ልብ ይለዋል? ሰዓቱም ሄዷል» አለ ቀልደኛው። ሌሎቹ ቦርሳቸውን ማንሳት ጀምረዋል።

ዳኛዋ ግን ጥግ ላይ ከተጠቀለለው ወረቀት ሰፋ አድርጋ ቀደደች፣ ወንበር ስባ ወጣችበት፣ ወረቀቱንም ከመጀመሪያው በላይ አስጠግታ በፕላስተር ለጠፈችው። እስክሪብቶዋን ከፈተች።

«በይ አንብቢልኝ» አለች ዞር ብላ። «ከሰኞ ጀምሪ።»