ለበረሃ ሰው የማይነገር

የሃምሳ አለቃ ኪያሪ ቤት በታጊራ ጦር ሰፈር ካሉት አስራ ስድስት የጭቃ ቤቶች የመጨረሻው ነበር። ከእሱ ወዲያ ሽቦ፣ ከሽቦው ወዲያ አሸዋ፣ ከአሸዋው ወዲያ ደግሞ ሌላ አሸዋ! ወፍ እንኳ መንገድ ስታ ካልሆነ በዚያ አታልፍም። ውሃ በሳምንት አንዴ በቦቴ ይመጣል፤ ለአንድ ቤት አራት ጀሪካን፤ ፊት የታጠቡበት ልብስ ይዘፈዘፍበታል፤ ልብስ የታጠበበት ወለል ይረጭበታል። የኒጀር ከተሞች ሰው ስለዚያ ሰፈር ሲሰማ፣ "እዚያ ደግሞ ሴት ትኖራለች?" ይላል። ትኖራለች። የኪያሪ ሚስት ያጋና ሰባት ዓመት ኖራለች፤ ደስ ብሏትም ነበር። የሚወዱት ሰው እስካለ ድረስ አሸዋስ ምን ያደርጋል?

የስድስት ዓመቷ ልጃቸው ካልቱሜ የተወለደችው እዚያው ነው። ዝናብ በተረት እንጂ በዓይኗ አይታ አታውቅም። አባቷ ከቅኝት ሲመለስ ከሽቦው በር ድረስ ሮጣ ትጠመጠምበትና ጺሙ ውስጥ የገባውን አሸዋ በጣቷ ትለቅምለታለች። "አባዬ፣ በረሃውን ሁሉ ይዘኸው መጣህ እኮ!" ስትለው ያ በድርቅናው የታወቀ ወታደር እንደ ሕፃን ይፍለቀለቃል።

ቅኝት የሚወጡት ወንዶች አንዳንዴ ወር ይቆያሉ። ሚስቶቻቸው የሚያገኟቸው ሰኞና ሐሙስ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ በሬዲዮ ክፍሉ ብቻ ነው። ባትሪ እንዳያልቅ ሲባል የቅኝቱ ሬዲዮ በሌላ ሰዓት አይከፈትም። ሴቶቹ ይሰለፋሉ፤ ለእያንዳንዷ ሁለት ደቂቃ። የሬዲዮ ሠራተኛው ኢሱፉ ይሰማል፤ የተሰለፉትም ይሰማሉ፤ ከወዲያም ወታደሩ ሁሉ ይሰማል።

"የኔው ባል እኮ 'ሰላም ናችሁ?' ይልና 'ሽንኩርት አለ?' ብሎ ይጨርሳል" ትላለች አንዷ። "ሌላ ቃል አልተማረም።"

"ተመስገን በይ፤ የኔው ሽንኩርቱንም ረስቶታል!"

ከዚህ ሁሉ ሳቅ በላይ ግን አንድ ሕግ ነበረ። በረሃ ላለ ሰው ክፉ አይነገርም። ልጅ ቢታመም፣ እናት ብትሞት፣ ጣራ ቢናድ፣ "ሰላም ነው" ይባላል። የሕጉ ጠባቂ ደግሞ የሰፈሩ ታላቅ ሴት እትዬ ጉምሱ ነበረች። በክፋት እንዳይመስላችሁ! በወጣትነቷ ለመጀመሪያ ባሏ የእናቱን ሞት በዚያው ሬዲዮ ነግራው ነበር። ሰውየው ማንንም ሳይሰማ መኪና አስነስቶ ብቻውን ወደ ቤቱ ገሰገሰ። በዘጠነኛው ቀን አገኙት... ከመኪናው ጥላ ሥር፣ ባዶ ኮዳውን እንዳቀፈ። ከዚያ ወዲህ ጉምሱ የሰፈሩን አፍ ሁሉ ስትጠብቅ ኖረች። ማን ሊፈርድባት ይችላል?

በዚያ ዓመት፣ ሙቀቱ ድንጋይ በሚሰነጥቅበት ወር፣ ኪያሪና ጓዶቹ በሰፈሩ ባሉት ሁለት መኪኖች ወጡ። ድሬሰሩም የመድኃኒት ሣጥኑን ይዞ አብሯቸው ሄደ። በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ካልቱሜ ራሴን አለች። እስከ ሐሙስ ገላዋ እንደ ምጣድ ፋመ። ያጋና ልጇን ለጎረቤት ትታ እየሮጠች ወደ ሬዲዮ ክፍሉ መጣች።

"እትዬ፣ ልነግረው ነው።"

"ምን ብለሽ?" አለች ጉምሱ እጇን ይዛ። "ትኩሳት ነው፤ የማንኛችን ልጅ ነው በዚህ ወር ያላተኮሰው? የሁመር ውሃ አጠጫት፣ ይለቃታል። ባልሽን አሸዋ ውስጥ ልትከቺው ነው? እኔን እዪኝ! እኔን አይተሽ ተማሪ!"

ተራዋ ደረሰ። የኪያሪ ድምፅ እየተንቋቋ መጣ።

"ያጋና! ሻምበሉ ምን አለ መሰለሽ፤ ሰፈር የሚያስፈልግ ነገር ካለ አንዷ መኪና ድሬሰሩን ይዛ ነገ ትመለስ ብሏል። ከሌለ ሁላችንም ወደ ድንበሩ ጉድጓድ እንቀጥላለን፤ አስራ ሁለት ቀን ነው። ቤት ደህና?"

አያችሁ ዕድልን! በሩ ወለል ብሎ ተከፈተላት። አንድ ቃል ብትናገር መኪናዋ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ትደርስ ነበር። ያጋና አፏን ከፈተች። ጉምሱን አየቻት። የጉምሱ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር... ዘጠኝ ቀን የተፈለገው ያ ሰው በዓይኖቿ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

"ደህና ነን" አለች ያጋና። "ምንም አይጎድለንም።"

ዓርብ ጠዋት የካልቱሜ አንገት ደረቀ። ያኔ እትዬ ጉምሱ ራሷ አንገቷን ዳሰሰችና ቀለሟ ተለወጠ። በየዓመቱ በዚያ ወር የአገሩን ሕፃናት የሚያጭደውን ማጅራት ገትር የማያውቅ ማን ነው? ኢሱፉ ምግብ ሳይቀምስ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮው ላይ ጮኸ። ማን ይስማው? የወዲያኛው ሬዲዮ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። ትልቁ ከተማ የአራት ቀን መንገድ ነው። ቅዳሜ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ፣ ካልቱሜ በእናቷ ጭን ላይ አረፈች። ሰው ከፀሐይ በሚሸሸግበት በዚያ ሰዓት፣ ሴትና ሽማግሌ ተጋግዞ ከሽቦው ወዲያ ቀበራት።

ሰኞ አስር ሰዓት ሆነ። ሴቶቹ አልተሰለፉም፤ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጉምሱ ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አቀርቅራለች።

"ያጋና! ልጄን ወደ ሬዲዮው አምጫት እስቲ፣ ድምፅዋን አሰሚኝ።"

ያጋና መነጋገሪያውን በሁለት እጇ ጨበጠች።

"ምነው? አሁንም ፊትሽን ታጠቢ ሲሏት ጣራ ላይ ትወጣለች?" ሳቀ። ከኋላውም ወንዶች ሳቁ። "ሃምሳ አለቃ፣ ቶሎ በል! ጺምህን የምትለቅምልህን ትተህ የኛንም ሚስቶች አስታውስ!" የሚል ድምፅ ጣልቃ ገባ።

በዚህ ጊዜ ማንም አላስገደዳትም። ጉምሱም ቀና አላለችም፤ ኢሱፉም ፊቱን አዙሮ ነበር። ነገር ግን ያጋና ዓይኗን ስትጨፍን የታያት ባዶ ኮዳ ያቀፈ ሰው ነበር፤ ፊቱም የኪያሪ ፊት ነበር። ልጇን ቀብራለች። ባሏንም ትቅበር?

"ከልጆቹ ጋር ወጥታለች" አለች።

"እሺ፤ ከዛሬ ወዲያ ሬዲዮው አይደርስልንም፤ ከድንበር ቴምር አመጣላታለሁ በያት!"

"እላታለሁ" አለችና መነጋገሪያውን አስቀምጣ ወለሉ ላይ ተዘረጋች።

ወንዶች ሲመለሱ ሰፈሩ በእልልታ ነው የሚቀበላቸው። በዚያን ቀን ሁለቱ መኪኖች አቧራቸውን አስነስተው ሲገቡ እልል ያለ አልነበረም። ወታደሮቹ መሣሪያቸውን እንዳነገቱ ቆሙ፤ እያንዳንዱ በዓይኑ የራሱን ሰው ፈለገ፤ አንድ በአንድ አገኘ። ኪያሪ ብቻ የቴምር ከረጢቱን ይዞ ወደ ሽቦው በር፣ ከዚያ ወደ ያጋና፣ ከዚያ እንደገና ወደ በሩ አየ።

"ካልቱሜስ?"

ያጋና ከሽቦው ወዲያ ወዳለችው ትንሽ የአሸዋ ጉብታ ዞረች።

"መቼ?" አለ።

"ቅዳሜ... ማለት የዛሬ አስር ቀን።"

ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ። "ታዲያ ሰኞ... ሰኞ ዕለት ስስቅ..." ቴምሩን እግሯ ሥር አስቀምጦ ወደ ላጤዎቹ ድንኳን ሄደ። ጉምሱ እግሩ ላይ ወደቀች፤ "እኔን ምታኝ፣ እኔ ነኝ አፏን የያዝኩት!" እያለች ደረቷን ደቃች። አንስቶ አቆማት፤ አልመታትም፤ አልሰደባትም። ምነው በመታ! ምነው በተሳደበ! ጩኸት እኮ ይወጣል፤ ዝምታ ነው ውስጥ ቀርቶ የሚመረቅዘው።

በሚቀጥለው የጭነት መኪና ያጋናን ወደ እናቷ አገር፣ ወደ ንጊግሚ ሸኛት። አልፈታትም፤ አላስቀመጣትም። አንዴ ብቻ፣ መኪናው ሊነሳ ሲል ተጠግቶ፣ "የሐሙሱን ይቅር እላለሁ፤ ሐሙስ ዕለት አላወቅሽም። ሰኞን ግን እንዴት አድርጌ ልርሳው?" አላት። እንዴት እንደሞተች ልትነግረው ስትጀምር ጆሮውን ይዞ ዞረ።

አስራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። እሱም ሌላ አላገባ፣ እሷም ሌላ አላየች። እትዬ ጉምሱ በዚያው ሰፈር ሞተች፤ እስክትሞት ድረስ የካልቱሜን መቃብር አሸዋ እንዳይውጠው በየጠዋቱ ትጠርግ ነበር ይባላል።

ከዕለታት አንድ ቀን የኪያሪ ወንድም ከዚንደር ላከባት፤ "ጡረታ ወጥቶ እኔ ጋ ነው። ሳንባው በአቧራ ተበልቷል። ስምሽን ይጠራል።" ያጋና ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ የዚያኑ ጠዋት ተነሳች።

በሦስተኛው ቀን ስትደርስ ረፋድ ነበር። ያ ግዙፍ ሰው ከአልጋው ጋር ተጣብቋል፤ ጺሙ እንደ ጥጥ ነጥቷል።

"አረጀሽ" አላት።

"አንተስ? መስታወት የላችሁም እንዴ እዚህ?"

ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው። ሲያርፍለት፣ "ያጋና፣ ንገሪኝ" አለ። "ሁሉንም። ምንም አታስቀሪ።"

ተቀመጠችና ነገረችው። ስለ ረቡዕ፣ ስለ ሐሙስ፣ ስለ ደረቀው አንገት ነገረችው። እሱ ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ ይሰማል።

"ቅዳሜ ጠዋት ለአፍታ ነቃች። በጣሳ ውሃ አቀረብኩላት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። 'ለአባዬ ተይለት፤ በረሃ ነው ያለው፣ ይጠማዋል' አለችኝ።"

ኪያሪ ዓይኑን ከጣራው አንስቶ አያት።

"ከዚያስ? ጠጣች?"

ወይ የእናት ፈተና! አንድ ቃል ነው። ጠጣች ብትለው ምን አለበት? የሚሞት ሰው ነው፤ በሰላም ቢሄድስ?

"አልጠጣችም" አለች። "ለመንኳት። ጥርሷን ገጥማ እንቢ አለችኝ። ለአንተ ብላ ሄደች።"

አለቀሰ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመውን እንባ ሁሉ አለቀሰ። ከዚያ ከብርድ ልብሱ ሥር እጁን አውጥቶ በአልጋው ላይ እየዳበሰ እጇን ፈለገ፤ አገኘውና ያዘው።

"ውሃውን ምን አደረግሽው?"

"መቃብሯ ላይ አፈሰስኩት። አንዲት ጠብታ አላስቀረሁም።"

"ደግ አደረግሽ" አለ ኪያሪ። "ደግ አደረግሽ፣ የኔ ሚስት።"

በአራተኛው ቀን፣ እጇን እንደያዘ አረፈ። ፈጣሪ ለአንዱ ረጅም፣ ለአንዱ አጭር ዕድሜ ይሰፍራል፤ ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል፤ እኛ ሰፋሪውን አንጠይቅም። ሰው ግን በእጁ ያለችውን እውነት ለሚወደው ሰው በጊዜዋ ካልሰጠ፣ ዘግይቶም ቢሆን ይስጣት። ለአራት ቀን ብቻ እንኳ ቢሆን፣ ያጋና ባል ነበራት።