በግራ የተጠቀለለ ክር

«ይህ የማን እጅ ነው?»

ተቆጣጣሪው ይህን ሲጠይቅ ልጅቷ የእናቷን ምሳ ዕቃ ይዛ የሥራ ክፍሉ በር ላይ ቆማ ነበር። መልሱን ታውቃለች። 

ጠረጴዛው ላይ አርባ የዓሣ ማጥመጃ ዝንቦች ተዘርግፈዋል። ከመንጠቆ፣ ከአውራ ዶሮ ላባና ከጥንቸል ጸጉር የተሠሩ ናቸው፤ ዓሣው የእውነት ዝንብ መስሎት ይውጣቸዋል። እነዚህ ግን ገና ውኃ ሲነካቸው ተፈታትተው፣ ከገዢው ተመልሰው መጥተዋል።

ተቆጣጣሪው አንዱን በወረንጦ አነሣ። «ክሩ የተጠቀለለው በግራ ነው። ቋጠሮው ላይ ማጣበቂያ የለም። እዚህ ቤት ግራኝ ማን ነው?»

ሁሉም ከልጅቷ እናት አጠገብ ወደምትሠራው ሴት ዞሩ። እትዬ ግራ ነው የሚሏት።

«እኔ? ጋሼ፣ ባሌን እረሳለሁ እንጂ ማጣበቂያ አልረሳም!»

አንዷ ሴት ሳቀች። ተቆጣጣሪው አልሳቀም።

«ዕቃሽን ሰብስቢ።»

ልጅቷ እናቷን አየች። ከሦስት ወር ወዲህ የእናቷ ዓይን ቀጭኑን ክር አይለይም። ላባና መንጠቆ በባዶው ምሳ ዕቃ ደብቃ ታመጣለች፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትጠቀልላለች፤ በግራ እጇ። ማጣበቂያውን ግን ማምጣት አልተቻለም፤ ሽታው በር ላይ ያስይዛል። «ቋጠሮውን ብቻ ጠበቅ አድርጊው» ትላት ነበር እናቷ። የተሠራውን እናቷ በማግስቱ መልሳ ታስገባዋለች፤ የአንድ ጠረጴዛ ሥራ አንድ ሣጥን ውስጥ ስለሚገባ የማን የማን እንደሆነ ማንም አልለየም።

አሁን ብትናገር እናቷ ትባረራለች። ዝም ብትል ደግሞ እትዬ ግራ።

እናቷ አንገቷን ደፍታ መንጠቆ የምትይዝበትን ትንሽ ሞርሳ ትወለውላለች። ሞርሳው ንጹሕ ነበር። 

እትዬ ግራ መቀሷን በሻርፗ ስትጠቀልል ዓይኗ የልጅቷ ግራ እጅ ላይ አረፈ። የልጅቷን ጠቋሚ ጣት ክር ሰንጥቆታል። ሴትየዋ የራሷን ጣት አየች፤ እዚያው ቦታ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ። ገባት።

«እትዬ፣ እኔ...»

«ዝም በይ» አለቻት በሹክሹክታ። «ምሳውን ስጪና ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ልጅቷ ምሳ ዕቃውን አስቀመጠች።  ወደ ቤቷ ግን አልሄደችም፤ እትዬ ግራ የተነሣችበት ወንበር ላይ ራሷ ተቀመጠች። መንጠቆ ሞርሳው ላይ አጠበቀች፤ ጸጉሩን፣ ከዚያ ላባውን አስጠጋችና ክሩን በግራ እጇ ማዞር ጀመረች። ሁለት ጊዜ ክሩ አመለጣት። ሁለቴም መልሳ ያዘችው። 

ቋጠሮውን ስታጠብቅ የማጣበቂያውን ብልቃጥ ሳብ አድርጋ አንዲት ጠብታ ጣል አደረገችበት።

«እቤት ማጣበቂያ የለንም፣ ጋሼ» አለች። 

ተቆጣጣሪው ዝንቧን ከተመለሱት አጠገብ አስቀመጣት። የሁሉም ክር በአንድ በኩል ዞሯል።

«ልጄን ተዋት» አለች እናቷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ። «ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ዓይኔ አያይም።»

ከሰዓት በኋላ እትዬ ግራ ወንበሯ ላይ ነበረች። እናትና ልጅ የእናትየዋን መቀስና ያልተከፈተውን ምሳ ዕቃ ይዘው ላይመለሱ ወጡ።