ልደታ ለጌጃ

«ልደታ ለጌጃ፣ ይሰማል? በቃ።»

ሠርካዲስ አውራ ጣቷን ከቁልፉ ላይ አንስታ ጠበቀች። ዎኪቶኪዋ ትንሽ ተንሿሿች፤ ከዚያ የቀመሪያ ድምፅ መጣ።

«ጌጃ ለልደታ፣ ይሰማል። አንቺ፣ ዛሬ እሑድ አይደል እንዴ? በስብሰባ ሰዓት አናወራም ተባብለን የለም? በቃ።»

«በቃ» ማለት ተራው ያንቺ ነው ማለት ነበር። ቁልፉ እንደተጫነ መስማት አይቻልም፤ ሲለቀቅ ደግሞ መናገር አይቻልም። ሁለቱን ዎኪቶኪዎች ያመጣላት አጎቷ ደገፋ ነው። በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፤ ወደብ ላይ ከአንድ መርከበኛ በርካሽ ገዝቷቸው፣ «መጫወቻ ናቸው፣ ከሰፈር አያልፉም» ብሎ ሰጣት። እውነቱን ነበር። ድምፃቸው ከልደታ ተነስቶ ጌጃ ሰፈር የቀመሪያ ቤት የሚደርሰው አንቴናው እስከ ጫፉ ሲመዘዝ ብቻ ነው። ቢሆንም በዚያ ዘመን መጫወቻም ቢሆን በአየር የሚያወራ ነገር ይዞ መገኘት የሚያስቅ ጉዳይ አልነበረም። ስለዚህ ሁለቱም ደብቀው ያዙ።

ሠርካዲስ ያን ቀን ማረፍ አቅቷት ነበር። ከአልጋው ትነሳለች፣ መስኮቱ ጋ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። የእነሱን ክፍል ከቀበሌው አዳራሽ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። እናቷ ወይዘሮ ትርፌ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ እዚያ ገብታለች፤ ከስብሰባ የቀረ ሰው በቀበሌው ሱቅ የስኳር ተራው ይዘለላል። ሊቀመንበሩ ጓድ ተሰማ በድምፅ ማጉያ ይናገራሉ፤ ምሰሶው ላይ የተሰቀለው ጡሩምባ ደግሞ ንግግሩን ለመንገደኛው ያሰማል።

ሠርካዲስ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቁልፉን ተጫነች።

«ጓድ ተሰማ ስለ ቱቦ ጠረጋ ማውራት ከጀመሩ ሁለት ሰዓታቸው ነው። ቱቦው ጆሮ ቢኖረው ተሰላችቶ ራሱን ይጠርግ ነበር። እኔ የማዝነው ለእማዬ ነው፣ ዓይኗን ገልጣ መተኛት ለምዳለች…»

ደጅ ያለው ጡሩምባ አብሯት ይናገር ነበር።

መጀመሪያ ሌላ ሰው መሰላት። ከዚያ «ዓይኗን ገልጣ መተኛት» የሚለው ከጣሪያው በላይ ሲያስተጋባ ሰማችና ጣቷ ደርቆ ቀረ። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ቀጥሎ ደግሞ ሳቁ በአንድ ጊዜ ተቆረጠ፤ እሱ ከሳቁ የባሰ ነበር።

እናቷ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ድምፁ እንደ ተቀደደ ቆርቆሮ ነበር» አለች። «ማንም አላወቀውም።» ወደ ልጇ ዞረች። «እኔ ግን ወልጄሻለሁ።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ…»

«ያንን ነገር ሽንት ቤት ጣይው። ጋሽ ዓባይነህን ወስደዋቸዋል።»

ጋሽ ዓባይነህ የሰፈሩ ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው። የቀበሌውን ማጉያ በየእሑዱ የሚከፍቱትና የሚዘጉት እሳቸው ነበሩ። ማጉያው ሁልጊዜ ከመድረኩ በስተግራ ይቀመጥ ነበር፤ በዚያ እሑድ ግን ጣሪያው ስላፈሰሰ ጋሽ ዓባይነህ ወደ ቀኝ፣ ከእነሠርካዲስ ግድግዳ ሥር አዛወሩት። ጓድ ተሰማም የጠየቁት ይህንኑ ነበር፦ ለምን ዛሬ አዛወርከው? ከዚያ አብዮት ጠባቂዎች ሱቃቸውን ፈተሹ። ሽቦ አገኙ፣ መበየጃ አገኙ፣ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች አገኙ። የሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ ሌላ ምን ይገኛል?

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ቀመሪያ ሠርካዲስን እጇን ይዛ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ወሰደቻት።

«ጣልሻት?»

«አልጣልኳትም። አንቺስ?»

«ጤፍ ውስጥ ቀብሬያታለሁ።» ቀመሪያ ግራና ቀኝ አየች። «ስሚ ሠርኬ፣ አባቴን ታውቂያለሽ። አምና ስኳር ደበቅህ ብለው ሦስት ሳምንት አስረውታል። አሁን ደግሞ በልጁ እጅ ይህ ቢገኝ ሱቁም እሱም አለቀላቸው።»

«ያንቺን ስም ማን ጠራ?»

«እንዳትጠሪው ነዋ የምልሽ።»

«ጋሽ ዓባይነህስ?»

«ትልቅ ሰው ናቸው፣ ይፈቷቸዋል።»

«ነገ ጠዋት ወደ ከፍተኛ ይላካሉ አሉ።»

ቀበሌ የታሰረ ሰው ሽማግሌ ገብቶለት፣ ዋስ ጠርቶ ይወጣል። ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ የተላከ ሰው ግን መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ደወሉ ሲደወል ቀመሪያ የሠርካዲስን የሹራብ እጅጌ ጎተተች።

«ከትምህርት ቤት ስመለስ አውጥቼ እከፍታታለሁ። ሊይዙሽ ቢመጡ በምን አውቃለሁ? ከጠራሽኝ እመልሳለሁ።»

«አትመልሺ።»

«ፋራ አትሁኚ። ጠርተሽኝ ሳልመልስ የቀረሁበት ቀን አለ?»

ወደ ቤት ስትመለስ ሠርካዲስ በቀበሌው በር በኩል ማለፍ ግድ ሆነባት። የጋሽ ዓባይነህ ባለቤት እትዬ ወርቅዬ በጨርቅ የተቋጠረ ምሳ ዕቃ ይዘው ቆመዋል። ጠባቂው ጨርቁን ፈታ፣ ወጡን በማንኪያ አማሰለ፣ መልሶ ሰጣቸው። እትዬ ወርቅዬ ጨርቁን እንደገና ሲቋጥሩ ጣታቸው ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ ሳተው።

«ደህና ዋልሽ ልጄ» አሏት። «እናትሽ ደህና ናት?»

ሠርካዲስ ራሷን ነቅንቃ አለፈች። ደብተሯን አልጋው ላይ ወረወረች። ዎኪቶኪዋን ከፍራሹ ሥር አወጣችና ሹራቧ ውስጥ ከታ ወደ ግቢው ሽንት ቤት ገባች፤ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች።

ጉድጓዱ ላይ እጇን ዘርግታ ያዘቻት። ብትለቃት አንዴ ቧ ትላለች፣ አለቀ። እናቷ ትተኛለች፣ ቀመሪያ ትተኛለች፣ የቀመሪያ አባት ሱቃቸውን ይከፍታሉ። ጋሽ ዓባይነህ ደግሞ ነገ ጠዋት መኪና ላይ ይወጣሉ። «ማጉያው በራሱ ሌላ ድምፅ ጠልፎ ነው» ቢሉ ማን ያምናቸዋል? እውነት መናገራቸውን የሚያሳይ በዚህ ሰፈር አንድ ዕቃ ብቻ አለ፤ እሱም ጉድጓድ ላይ ተንጠልጥሏል።

እጇን ሰበሰበች።

እናቷ ግቢው ውስጥ ልብስ ታጥብ ነበር። የሠርካዲስን እብጥ ያለ ሹራብ አየችና እጆቿ አረፋው ውስጥ ቆሙ።

«አልጣልሽውም።»

«አልጣልኩትም እማዬ።»

ወይዘሮ ትርፌ ወደ ቀበሌው አዳራሽ አየች፣ ወደ ልጇ አየች። ልትነሳ ፈልጋ እንደገና ተቀመጠች።

«ሹራብሽን ቆልፊ» አለች በመጨረሻ። «ንፋስ አለ።»

ጓድ ተሰማ አዳራሹ ውስጥ፣ መድረኩ ፊት ካለ ጠረጴዛ ተቀምጠው ከጸሐፊያቸው ጋር ወረቀት ያገላብጣሉ። ሠርካዲስ ዎኪቶኪዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ነገሩን ከአጎቷ ስጦታ ጀምራ ተናገረች። የአንድ ሰው ስም ብቻ ዘለለች።

ሊቀመንበሩ ትንሿን ዕቃ አንስተው መዘኗት።

«በዚች መጫወቻ ነው ጡሩምባ ላይ የወጣሽው? ማነው የላከሽ? ዓባይነህ ነው?»

«ማንም አልላከኝም። ማጉያው ይከፈትና ልናገርባት።»

ማጉያውን መክፈት የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ጋሽ ዓባይነህን ከእስር ክፍሉ አመጧቸው። ቀበቶ የላቸውም፤ ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘዋል። ማጉያው ከግድግዳው ሥር አልተነሳም። ቁልፎቹን አዞሩ፣ ከዚያ ሠርካዲስ እጅ የተመለሰችውን ዕቃ አዩ፣ አንቴናውን አዩ።

«አሃ» አሉ በቀስታ። «ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ያደርኩት ለዚች ኖሯል።»

ሠርካዲስ አንቴናውን እስከ ጫፉ መዝዛ ወደ ግድግዳው ተጠግታ ቁልፉን ተጫነች። ምን እንደምትል አላሰበችም ነበር።

«ሠርካዲስ ነኝ። እሑድ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ዓባይነህ አያውቁም።»

ጡሩምባው ለልደታ መንገድ ሁሉ ነገረ። ደጅ የነበረው የሰው ጫጫታ ጸጥ አለ።

ጓድ ተሰማ ፊታቸው ቀላ፤ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኩ። «ዓባይነህ ወደ ቤቱ ይሂድ» አሉ ለጸሐፊያቸው። ወደ ሠርካዲስ ዞሩ። «አንቺ ቆዪ። ጦር ሠራዊት ውስጥ ስለነበርኩ ይህን ነገር አውቀዋለሁ። አንዷ ብቻዋን አትሠራም። ሌላዋ ማን ጋ ናት?»

የእሳቸውም ጥያቄ በጡሩምባው ወጣ፤ ሠርካዲስ ቁልፉን አልለቀቀችም ነበርና። ጌጃ ሰፈር፣ ጤፍ ጆንያ አጠገብ፣ ቀመሪያ ይህን ቃል በቃል እየሰማች እንደሆነ ሠርካዲስ አወቀች። ትሰማለች፣ ተራዋንም ትጠብቃለች። ጣቷ አንዴ ከተነሳ እንደ ቃሏ ትመልሳለች፤ ድምፅዋም እዚህ ይሰማል።

«ሌላ የለም» አለች። «ብቻዬን ነበር የማወራው።»

«እንግዲያው ልቀቂውና እንስማ።»

ጋሽ ዓባይነህ በሩ ጋ ደርሰው ቆሙ። ሱሪያቸውን እንደያዙ ዞረው የሠርካዲስን አውራ ጣት አዩ። አልወጡም።

«ልቀቂው አልኩሽ።»

ጣቷ መደንዘዝ ጀምሮ ነበር። ሠርካዲስ ሌላውን አውራ ጣቷን አምጥታ ከላይ ደረበችበት።