በይሉኝታ የተሞላ ስልክ

በቢቸና ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ የሰብል ባለሙያ ሆኖ የሚሠራው ስጦታው ክፉ የሚባል ሰው አይደለም። እንዲያውም ጥፋቱ የመጣው ከደግነቱ ነው ቢባል ይቀላል። ሰው ፊት እምቢ ማለት አይሆንለትም።

አብረውት የተማሩት ልጆች ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈቱ፤ ገባ። የአጎቱ ልጅ ሲያገባ የሠርጉ ኮሚቴ ግሩፕ ከፈተ፤ ገባ። ያደገበት ደብር ጣሪያው ሊታደስ ነው ተባለ፤ እዚያም ገባ። ሻይ ቤት አጠገቡ የተቀመጠ ሰው «ገጼን ተከተልልኝማ» ካለው፣ ስልኩን አውጥቶ ሰውየው እያየው ይከተልለታል። ሉማሜ ላይ ያገለገለ ሞተር ብስክሌት የሚሸጥ ሰው አለ። ስጦታው ሞተር የመግዛት ሐሳብም አቅምም የለውም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ተጓዙ ብቻ የሰውየውን ቻናል ይከተላል። ቀልደኛው፣ ሰባኪው፣ የኳስ ተንታኙ፣ ሁለት ወገን ሆነው ሲሰዳደቡ የሚውሉት ፖለቲከኞች ሁሉ እዚያችው ስልክ ውስጥ ተጨናንቀው ይኖራሉ።

መውጣትን አንድ ጊዜ ሞክሮት ነበር። የአጎቱ ልጅ ሠርግ ካለፈ፣ ልጅ ተወልዶ ክርስትና ከተነሣ በኋላ፣ የሠርጉ ኮሚቴ ግሩፕ ግን እንደ ቆመ ነበርና ድምፁን አጥፍቶ ወጣ። መውጣቱ ግን ለሁሉም ተጽፎ ታየ። በሳምንቱ የሙሽራው አክስት፣ እትዬ ባንቺዓለም፣ ገበያ መካከል ያዙት።

«ስጦታው፣ ምን አስቀየምንህ?»

«ኧረ ምንም፣ እትዬ።»

«ሰው ከዘመዶቹ መካከል ውልቅ ብሎ የሚወጣው በደኅና ነው? እኔማ ሲነግሩኝ፣ ስልኩ ተበላሽቶበት ይሆናል ብዬ ተከራከርሁልህ።»

«አዎ፣ ስልኬ ነው» አለ ስጦታው፣ ማምለጫ ያገኘ መስሎት።

«ተሠርቷል አይደል? በል አምጣው፤ ልጄ መልሶ ያስገባሃል።»

እዚያው የሽንኩርት ክምር አጠገብ ቆሞ ተመልሶ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ማንንም የማያስቀይም ዘዴ አገኘ። አይወጣም፤ ድምፁን ይዘጋዋል። አንዱን ዘጋ፣ ሌላውን ዘጋ፣ በመጨረሻ የግብርና ባለሙያዎቹንም የሥራ ግሩፕ ዘጋው። እዚያም ቢሆን የሚውለው ፎቶ ነበር፤ ስብሰባው ሲከፈት፣ ሲካሄድ፣ ሲዘጋ፣ ከተዘጋም በኋላ ተሰብሳቢዎቹ ደረጃው ላይ ቆመው። በዓል ሲመጣ ደግሞ «እንኳን አደረሳችሁ» እና «አሜን» ከነአበባው ይግተለተላል። «የሚያስፈልግ ነገር ካለ ይደውሉልኛል» ብሎ ራሱን አሳመነ።

በዚያው ክረምት ወይዘሮ ወለተ ሐናን ስንዴ እንዲዘሩ ያግባባቸው እርሱ ነው። ወይዘሮ ወለተ ሐና ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለት ማሳ የሚያርሱት በወንድማቸው ልጅ ጉልበት ነው። ከጤፍ ሌላ ዘርተው አያውቁም።

«ጤፉን አውቀዋለሁ» አሉት። «ስንዴው እንግዳዬ ነው።»

«እኔ አለሁ አይደል፣ እናቴ? ምርጥ ዘር ነው። ቢታመምም መድኃኒት አለው።»

«መዝራቱንስ እዘራዋለሁ። መታመሙን ማን ይነግረኛል?»

«እኔ እነግርዎታለሁ።»

በዚህ ቃል ተማምነው ሁለቱንም ማሳ በስንዴ ሸፈኑት፤ የታችኛውን ቀደም አድርገው፣ የላይኛውን ዘግየት ብለው።

መስከረም አጋማሽ ላይ የሥራው ግሩፕ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ገባ። ቢጫ ዋግ የሚባለው የሰብል በሽታ በአጎራባች ወረዳዎች የስንዴ ማሳ ላይ ታይቷል፤ ባለሙያዎች ሁሉ ማሳ ዞራችሁ እዩ፤ መድኃኒትና መርጫ የሚያስፈልጋቸውን ገበሬዎች እስከ ሐሙስ አስታውቁ የሚል ነበር። ግሩፑ ላይ ከተጻፈ ሁሉም አይቶታል ተብሎ ስለሚታሰብ ለማንም አልተደወለም።

ያን ዕለት ስጦታው ስልኩን እጁ ላይ ይዞት ነበር። ሁለቱ ፖለቲከኞች ሲሞላለጩ ሁለቱንም ሳይወድ እስከ መጨረሻው አነበበ። ቀልደኛው ያወጣውን አይቶ ሳቀና ለጓደኞቹ አስተላለፈ። መልእክቱ ያችው ስልክ ውስጥ፣ ከዓይኑ ሥር ነበር።

ሐሙስም አለፈ። በሌላው ሳምንት፣ አብራው የተማረችውና ሞጣ ላይ በዚሁ ሙያ የምትሠራው ሰገነት ደወለች።

«እናንተ ርጭቱን ጨረሳችሁ? እኛ ዛሬ ተገላገልን።»

«የምን ርጭት?»

«ስጦታው፣ ግሩፑን አላየኸውም እንዴ?»

ስልኩን ዘግቶ ግሩፑን ከፈተና በጣቱ ወደ ላይ እየጎተተ ፈለገ። በአንድ የስብሰባ ፎቶና በአንድ የልደት ምኞት መካከል አገኘው። ለቢሮ ሳይነግር፣ ምሳውንም ሳይበላ በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ወለተ ሐና ማሳ ሄደ።

የታችኛው ማሳ ከሩቅ የደረሰ ይመስላል። ሲገባበት ግን ቅጠሉ ላይ መስመር መስመር ሠርቶ የተደረደረው ቢጫ ዱቄት ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ቀባው። ወይዘሮ ወለተ ሐና ከወደ ቤት ሲያዩት መጡና አጠገቡ ቆሙ።

«ቢጫ ሲል ቀድሜ አይቼዋለሁ» አሉ። «ጓዴ የሚባለው ጎረቤቴ፣ ዋግ ነው፣ ከተማ ሄደሽ ጠይቂ ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልሁት። ስጦታው ዝም ካለ ደኅና ነው አልሁት።»

መድኃኒቱ ዘግይቶብን ነው የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ቢለውም የሚጠይቀው አልነበረም። የሴትዮዋን ፊት አይቶ ተወው።

«መልእክቱ በጊዜው ደርሶኛል፣ እናቴ። አላየሁትም።»

«ታመህ ነበር?»

«አልታመምሁም። ስልኬ ላይ ብዙ ነገር አለ፤ ከዚያ መካከል ጠፋብኝ።»

«ታዲያ ምን ስታይ ሰነበትህ?»

ጥያቄው የቁጣ አልነበረም፤ ሊያውቁ ፈልገው ነው የጠየቁት። ሊመልስ አፉን ከፈተ። ያን ሰሞን ካየውና ካነበበው፣ ከሳቀበትም ሁሉ አንዱን እንኳ ማስታወስ አልቻለም።

ወይዘሮ ወለተ ሐና ነጠላቸውን አጣፉና ፊታቸውን ወደ ላይ አዞሩ።

«የላይኛው ገና ለጋ ነው። መቆጨቱን ኋላ እንደርስበታለን፤ መጀመሪያ እርሱን እንየው።»

የላይኛው ማሳ ዳር ዳሩ ብቻ ተነክቷል። በጊዜ ከተረጨ ይተርፋል። የወረዳው መድኃኒት ግን ተከፋፍሎ አልቋል። ስጦታው መልሶ ለሰገነት ደወለና በማግስቱ ማለዳ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ወረደ።

ሰገነት የተረፈውን መድኃኒት አስፈቅዳ ጠበቀችው። ዕቃ ቤቱ እስኪከፈት በረንዳው ላይ ሲቀመጡ ስልኩን ተቀበለችውና ተመለከተች።

«ይህ ስልክ ነው ወይስ የገበያ ቀን? ያ የሉማሜው ሞተር ሻጭ አሁንም አለ? በል አንዱን ሞተር ግዛውና ይለይላችሁ።»

«መውጣት ከባድ ነው፣ ሰገነት። ሰው ይቀየማል። ለዚህ ብዬ ድምፃቸውን ዘጋሁ እንጂ ማንንም አልተውሁም።»

«ሰው እያጫወተህ ጆሮህን በጥጥ ደፍነህ መቀመጥ አክብሮት ነው?»

«መቼም ከመውጣት ይሻላል።»

«እስቲ ንገረኝ፤ አሁን ካስቀየምሃቸው ሁሉ የሚብሰው ማን ነው? ባንቺዓለም ናቸው ወይስ ስንዴያቸው የተበላባቸው እናት?»

ስጦታው አቀረቀረ። ሰገነትም ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና የራስዋን ስልክ ከፍታ አሳየችው። የሥራውን ሁሉ በአንድ ፎልደር ሰብስባዋለች፤ ቤተሰቡን በሌላ። የሚጮኹት እነዚህ ብቻ ናቸው። የቀረው ጨዋታና ወሬ ለብቻው ተቀምጧል፤ ስትፈልግ ትከፍተዋለች፣ ሳትፈልግ ቀናት ያልፋሉ። ከማይጠቅማት ደግሞ ወጥታለች።

«ስትወጪስ ምን አልሻቸው?»

«አሰናብቱኝ አልኋቸዋ። አንተስ ሰው ቤት ተጋብዘህ ስትወጣ ምን ትላለህ? በሉ ደኅና ዋሉ፣ ሥራ ይጠብቀኛል ትላለህ። ተሰናብቶ የወጣን ማን ይቀየመዋል? የሚያስቀይመው ሹልክ ማለት ነው።»

ስጦታው ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ከዘመድ ቤት ሳይሰናበት ወጥቶ አያውቅም። የስልኩ ቤትም ቤት መሆኑ ግን ትዝ ብሎት አያውቅም ነበር።

መድኃኒቱን ይዞ ተመለሰና ከወይዘሮ ወለተ ሐና የወንድም ልጅ ጋር እየተቀባበሉ የላይኛውን ማሳ ረጩት። የላይኛው ተረፈ። የታችኛውም ተረጭቶ ነበር፤ ግን ጊዜው አልፎበት ኖሮ ዛላው ቆሞ ፍሬው ተጨማድዶ ቀረ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስጦታው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሥራውን ጀመረ። ከሥራው በቀር በየግሩፑ እየገባ፣ «ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሥራ በዝቶብኛልና አሰናብቱኝ፤ ለደስታም ለሐዘንም ስልኬ ያው ነው» እያለ ጻፈ። ከአብዛኛው ቦታ መልስ አልመጣም፤ እዚያ መኖሩንም ያስተዋለው ያለ አይመስልም። ይህ ትንሽ ቅር አሰኘው። በግል ጽፎ የተሰናበተው ሞተር ሻጭ «መልካም ጊዜ ወንድሜ» ብሎ ከሥሩ የአዲስ ሞተር ዋጋ ላከለት። እትዬ ባንቺዓለም ግን ደወሉ።

«አሁን ገና እንደ ሰው ወጣህ» አሉት። ስለ ጤናው ጠይቀውና መርቀው ዘጉ። ፖለቲከኞቹን አልተሰናበታቸውም፤ ሁለቱንም ዝም ብሎ ተዋቸው።

በማግስቱ ቢሮ ሄዶ የደረሰውን ሳይሸሽግ ተናገረ፤ ማስጠንቀቂያ ብቻ የሚወጣበት የተለየ ቻናል እንዲከፈትም ለመነ። ኃላፊው «የስብሰባው ፎቶስ የት ይግባ?» ብለው ትንሽ ተጨነቁ፤ በኋላ ግን ተስማሙ።

ወገኖቼ፣ ስጦታው ሰነፍ አልነበረም፤ ይህ ነገር በማናችንም ቤት አለ። የሰው ዓይንና ጆሮ እንደ ማሳ ነው፤ ያልዘራነው ይበቅልበታል። ያልታረመ ማሳ ውስጥ አረሙና እህሉ እኩል ውሃ ይጠጣሉ፤ የሚጎዳው ሁልጊዜ እህሉ ነው። የምንከተለውን መርጠን በየወገኑ ካላስቀመጥነው፣ የሚፈልገን ሰው ድምፅ ከማይፈልገን ሰው ጩኸት ሥር ይቀበራል። ይሉኝታ ጥሩ ጠባይ ነው፤ ለማያውቀን ሁሉ ሰጥተነው የሚያምነንን ሰው ካስረሳን ግን ጥሩነቱ ያበቃል። እንግዲያስ ከማይጠቅመን ተሰናብተን እንውጣ፤ ከሚያስፈልገን ዘንድ ነቅተን እንቀመጥ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ስጦታው ወደ ወይዘሮ ወለተ ሐና አውድማ መጣ። የላይኛው ማሳ ምርት በአንድ ወገን ተከምሯል፤ የታችኛው በሌላ ወገን፣ ለከብት መኖነት ብቻ የሚሆን። ሁለቱን ክምር እያየ ሰላምታ ለመስጠት እንኳ አፈረ።

«ለከርሞስ ምን ልዝራ?» አሉት ወይዘሮ ወለተ ሐና።

«አሁንም እኔን ይጠይቁኛል?»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ? የተማርኸው አንተ ነህ።» መንሹን ክምሩ ላይ ተከሉና ላባቸውን ጠረጉ። «ቃልህንማ አምና ሰጥተኸኝ ነበር። ለከርሞ ጆሮህን ስጠኝ።»

ስጦታው ገለባው ላይ ተቀመጠ። ወይዘሮ ወለተ ሐናም ከታችኛው ማሳ ጀመሩ፤ ውሃው የት እንደሚተኛ፣ ቢጫው በየት በኩል ቀድሞ እንደ ታየ እየነገሩት ብዙ ቆዩ፤ እርሱም እስኪጨርሱ ድረስ አላቋረጣቸውም።