ከኮርቻው ዘንግ ላይ የጠፋው መስመር

ሬሳው የተነሳው በማለዳ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከድልድዩ ግንብ ሥር ነው። ብስክሌቱ ከአምስት እርምጃ ወዲያ ወድቋል፤ ኮርቻው ከነዘንጉ ከፍሬሙ ተነቅሎ ለብቻው ተጋድሟል።

በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ከመርማሪዋ ፊት ስትቀመጥ እንባዋ አልቆ ነበር። ባሏ አስከሬን ክፍል ነው። ብስክሌት ጠጋኙ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ታስሯል። ባሏ ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት ወንድሟ በር ላይ ቆሞ «በዚህ ብስክሌት ትሞታለህ!» ብሎ ሲጮህ ጎረቤት በሙሉ ሰምቶታል። የኮርቻውን ብሎን ለመጨረሻ ጊዜ ያጠበቀውም እሱ ነው። እንግዲህ ምን ቀራት? ገዳዩ ወንድሟ ከሆነ ለማን ታልቅስ? ካልሆነስ ማን ያስፈታላታል?

መርማሪዋ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ብስክሌት ለምን አስፈለገው?»

«ፋብሪካው ከከተማው ማዶ ነው። አውቶቡሱ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል። ሦስቴ አረፈደ። አራተኛ ካረፈደ እንደሚያሰናብቱት በጽሑፍ ሰጡት።»

«ይህንን ማን መረጠ?»

«አቅማችን መረጠልን። እሱ የአስፋልቱን፣ ቀላሉን፣ ጎማው ቀጭኑን ፈለገ። ወንድሜ ‹ለአንተ ቁመት ትልቅ ፍሬም ነው የሚሆንህ፤ ታገስ፣ እኔ እፈልግልሃለሁ› አለው። የትልቁ ዋጋ አይቀመስም። ‹ግዛ፣ ሥራህ ከእጅህ ሳይወጣ› ያልኩት እኔ ነኝ። እኔው ነኝ።»

መርማሪዋ ውሃ ቀዱላት። «ጠጪ። ራስሽን በኋላ ትወቅሻለሽ። አሁን የምፈልገው ዓይንሽን ነው።»

ወንድምየውን አስመጡት። ካቴናው እጁ ላይ ነው። እህቱን ሲያይ ወደ እሷ ተራመደ።

«እታለም...»

«መልስህ ለእኔ ይሁን» አሉት መርማሪዋ። «‹ትሞታለህ› ያልከው ለምንድን ነው?»

«ትንሽ ነዋ! ጉልበቱ መሪውን ይመታል። እንደ ፌንጣ ተጣጥፎ ነው የሚነዳው። ሳልጠይቅህ ገዛሁ ሲለኝ ተናደድኩ።»

«ይህን ካወቅክ ኮርቻውን ለምን ከፍ አደረግክለት?»

«ለመነኝ። ‹ጉልበቴ አለቀ፤ ነገ ካረፈድኩ ጉድ ሆንኩ› አለኝ። እኛ ጠጋኞች ዘንግ ስናወጣ በዓይን አንገምትም። ዘንጉ ላይ የተቀረጸ መስመር አለ፤ ብቅ ሲል እናቆማለን። ከዚያ ካለፈ ፍሬሙ ውስጥ የሚቀረው ጫፍ ሰው መሸከም አይችልም። መስመሩን ጠበቅኩ። አልመጣም። ገና ነው ብዬ ጨመርኩለት።»

«ሁለት ጣት ነው ውስጥ የቀረው።»

ወንድምየው ሁለት ጣቱን አጋጥሞ አያቸው።

ቀጥሎ የሟቹ የሥራ ባልደረባ ተጠራ፤ አጭር፣ ፈጣን ሰው ነው። ያን ማለዳ ወደ ሥራ አብረው እየነዱ ነበር።

«ከፊቱ ነበርኩ። ኋላዬ ቋ ሲል ዞር አልኩ። በቃ፣ አየር ላይ ነበር።»

«ለፈረቃ ኃላፊነት እጩዎቹ ሁለታችሁ ብቻ ነበራችሁ አሉ።»

«ነበርን። እመቤቴ፣ ቦታውን ብመኝ ተኝቶ እንዲያረፍድ መተው ይበቃኝ አልነበረም? በየጠዋቱ በሩን እየደበደብኩ የምቀሰቅሰው እኔ ነኝ። ‹አንተ ምሰሶ፣ ተነስ!› እያልኩ።»

መርማሪዋ በማግስቱ ሁሉንም ብስክሌቱ በተሸጠበት ሱቅ ሰበሰቧቸው። ሱቁ የግሪስና የአዲስ ቀለም ሽታ አለው፤ ያገለገሉ ብስክሌቶች ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል። ባለሱቁ ደንበኛ በገባ ቁጥር «አይከስሩም» ስለሚል ስሙ ራሱ አይከስሩም ሆኖ ቀርቷል።

«ነፍስ ይማር» አለ አይከስሩም፣ ደረቱን ይዞ። «እኔስ ነግሬዋለሁ። ‹መስመሩ እዚህ ጋ ነው፣ ከዚህ እንዳታሳልፈው› ብዬ በዚችው ጣቴ አሳይቼዋለሁ። ጠጋኝ ነኝ ባዩ ካልሰማ ምን ላድርግ?»

«በዚችው ጣትዎ?» መርማሪዋ ዘንጉን አቀበሉት። «እስቲ ለእኛም ያሳዩን።»

ተቀበለ። አገላበጠው። እንደገና አገላበጠው። መስመር የለም።

«እንግዲህ ስሙኝ» አሉ መርማሪዋ። «ዘንጉ አርጅቶ ደብዝዟል። እዚህ ጋ ግን አውራ ጣት በሚያህል ስፋት ያበራል፤ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል። ማን ፋቀው? ጠጋኙ ሊገድለው ቢፈልግ ብሎኑን አላልቶ መተው ይበቃው ነበር። ብሎኑ ግን ዛሬም እንደጠበቀ ነው። ባልደረባው ምክንያት የለውም። ከዚህ ሌላ፣ የሱቁ ተለጣፊ ወረቀት የተፋቀው ላይ ተለጥፎ ነበር። ስልጠው ፍቀቱ ከሥሩ ይቀጥላል። የተፋቀው ከዚህ ሱቅ ሳይወጣ ነው።»

«እንዲያው ተፍቆ ገዝቼው ቢሆንስ?» አለ አይከስሩም፣ ላቡን እየጠረገ።

የሟቹ ሚስት ይህን ጊዜ ዘንጉ ላይ አፍጥጣ ነበር። ዘንጉ አንገት ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጭረት አለ።

«ይህን አውቀዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «መጀመሪያ የመጣን ቀን ቀይ ብስክሌት አሳየኸን። ኮርቻውን ስታወጣ ከዚህ ጭረት ዝቅ ብሎ መስመር መጣ። ባሌ ‹ይህ ምንድን ነው?› አለህ። ‹እዚህ ላይ ያበቃል፤ ለአንተ አይበቃም› አልከው። ትተነው ሄድን። በሳምንቱ ደወልክ። ‹ለረጅም ሰው የሚሆን ጥቁር መጣልኝ› አልክ።»

መርማሪዋ ከኪሳቸው ትንሽ ቢላ አወጡና የብስክሌቱን ጥቁር ቀለም ፈቀፈቁ። ከሥሩ ቀይ ወጣ።



«ወራት ቆሞብኝ ነበር» አለ አይከስሩም። «እኔ ገዳይ አይደለሁም! ብስክሌት ነው የሸጥኩት!»

«ሟቹ መስመሩን ቢያይ ባልገዛ ነበር። ጠጋኙም ቢያየው ባቆመ ነበር። ሁለቱንም ያሳወራቸው እጅዎ ነው።»

ካቴናው ከወንድምየው እጅ ወልቆ ወደ ባለሱቁ እጅ ሄደ። «በል፣ ነፃ ነህ» አሉት መርማሪዋ። ከተቀመጠበት ግን አልተነሳም።

«ዘንጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ እታለም። በዚህ እጄ።»

እህቱ «ግዛ ያልኩትም እኔ ነኝ» ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ከጎኑ በርከክ ብላ እጁን ያዘች። ጥፍሩ በግሪስ ጠቁሯል።

«አስከሬኑን ዛሬ ይሰጡናል። የሬሳ ሳጥን ሠሪው ቁመቱን ቢጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ተነስ፣ መለኪያህን ያዝና አንተ ሄደህ ለካልኝ» አለችው። «ሳጥኑ እንኳ እንዳያጥረው።»